መስታወት ሥራ ከፍሳሹ ይጀምራል

 

ዛሬ የምናገረው ስለ መስታወት ሥራ ነው። መስታወት ቆርጦ መስኮት ላይ ስለ መግጠም አይደለም፤ ለዚያ ሥራ ከእኔ የተሻሉ እጆች እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጠዋል። የምናገረው ጀርባው ብር ለብሶ መልክ ስለሚያሳየው መስታወት፣ ብሩን ስለሚያለብሰው መሣሪያና መሣሪያውን ስለሚይዘው ሰው ደኅንነት ነው።

የፀጉር ቤቱን ግድግዳ፣ የሙሽራዋን ቁም ሳጥን፣ የሆቴሉን መታጠቢያ ቤት ተመልከቱ። እዚያ የተሰቀለው መስታወት አብዛኛውን ጊዜ ብሩን ለብሶ፣ ጀርባው ተቀብቶ፣ በሣጥን ታሽጎ ከውጭ አገር የመጣ ነው። እኛ ጋ የሚሠራው መቁረጡ፣ ጠርዙን ማለስለሱና ፍሬም ማስገባቱ ነው። እናንተ ሥራ ልትከፍቱ የተሰባሰባችሁ የሐይቅና የአምባሰል ወጣቶች ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ጠየቃችሁኝ፤ «ብሩን ማልበስ እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ ወይም ውጫሌ ላይ አይቻልም ወይ?» አላችሁ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና መልሴ አጭር ነው። ይቻላል። አልዲሃይድ የተባሉትን ውሕዶች ለመለየት በትምህርት ቤት ሙከራ ቱቦ ውስጥ የምናሳየው፣ የቶለንስ ፍተሻ የሚባለው ነገር በመሠረቱ ያው የመስታወት ሥራ ነው። ቱቦው ውስጥ ውኃ የመሰለው ፈሳሽ ትንሽ ቆይቶ ግድግዳውን ብር ሲያለብሰው ተማሪዎች ሲገረሙ አይቻለሁ፤ እኔም ዛሬም ድረስ እገረማለሁ።

ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፤ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። የመስታወት ሥራ ሥሩ ፍሳሹ ነው። የሥራ ቤታችሁን ስትነድፉ ብሩን በሚረጨው መርጫ አትጀምሩ፤ በኮምፕሬሰሩም አትጀምሩ። ከሥራው በኋላ የሚወርደው ውኃ የት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያጣራው፣ ማን እንደሚወስደው በወረቀት ላይ ካላሰፈራችሁ አንዲት ግራም ብር አትግዙ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ኋላ ላይ አስረዳለሁ።

አስቀድሜ ግን ይህ ሥራ ሰው የጎዳበትን ዘመን ላንሣ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ገብቶ ነበር፤ በቤተ መንግሥቱ ከቬኒስ የመጡ መስታወቶች እንደነበሩም ጽፏል። በዚያ ዘመን የቬኒስ መስታወት ብር አልነበረበትም። በቬኒስ አጠገብ ያለችው የሙራኖ ደሴት ባለሙያዎች ስስ የቆርቆሮ (ቲን) ቅጠል ዘርግተው ሜርኩሪ ያፈሱበታል፤ መስታወቱን በላዩ ያስተኙና ከባድ ነገር ጭነውበት ትርፉ ሜርኩሪ እስኪንጠፈጠፍ ለብዙ ቀናት ይተዉታል። ሜርኩሪው በዚያ ሁሉ ጊዜ ይተናል፤ የተነነውን ደግሞ ሠራተኛው ይተነፍሰዋል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመው ትልቅ ጥናት በፉርትና በኤርላንገን ከተሞች የመስታወት ሠራተኞች ላይ ያየውን ዘርዝሯል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድዳቸው ይቆስላል፣ ጠባያቸው ይለወጣል፣ ሰው ፊት መቆም ያስፈራቸዋል። ንጉሥ መልኩን ያየበት መስታወት የሠሪውን እጅ አንቀጥቅጦ የተገኘ ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው «የጥንቱ ዘዴ ይቀላል» ብሎ ሜርኩሪ ይዞ ቢመጣ ከበር መልሱት።

ከዚያ መከራ ያወጣን የብር ዘዴ ነው። ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1835 አልዲሃይድ የብርን ጨው ወደ ንጹሕ ብር እንደሚመልሰውና ብሩም በመስታወቱ ላይ እንደሚለጠፍ አየ። ከሃያ ዓመት በኋላ ለሥራ የሚሆነውን ዘዴ አሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ1857 ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ ቴሌስኮፕ ውስጥ የሚገባ ብር የለበሰ መስታወት ሠራ። የሰማይ ተመልካቾች ለብዙ ዓመታት በብር መስታወት ከዋክብትን ሲያዩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወደ አሉሚኒየም ዞሩ፤ አሉሚኒየሙ አየር በሌለበት ሣጥን ውስጥ ተንኖ ነው መስታወቱ ላይ የሚያርፈው። እንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አላቸው። ከዚህ ወደ ሰሜን ላስታ ውስጥ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የላሊበላ አካባቢም ለተጨማሪ የከዋክብት መመልከቻ ሲታሰብ ቆይቷል። እዚህ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች የመስታወትን ሥራ ከቁም ሳጥን ጋር ብቻ አታያይዙት።

ስለ ብሩ መጠን ላንሣ፤ ይህ ሰውን ያስደንቃል። በመስታወት ጀርባ ላይ ያለው የብር ንጣፍ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥር ሺህኛ ቢሆን ነው። በዚህ ስሌት አንድ ካሬ ሜትር መስታወት የሚለብሰው አንድ ግራም ያህል ብር ነው። አያቶቻችን በገበያ የተገበያዩበት፣ አንጥረኛው ለመስቀልና ለድሪ ያቀለጠው ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውስጡ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር አለ። እንግዲህ የአንዱ ጠገራ ብር በትክክል ቢነጠፍ ከ20 ካሬ ሜትር በላይ መስታወት ያለብሳል ማለት ነው። ይህን ስል ግን የአያታችሁን ጠገራ አውጥታችሁ አሲድ ውስጥ እንዳትከቱ አደራ። አንደኛ፣ ከስድስት እጅ አንዱ መዳብ ስለሆነ ሥራውን ያበላሻል። ሁለተኛ፣ ብር በናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ የሚወጣው ቡናማ ጭስ ሳንባን ያቃጥላል፤ ሰውየው ለጊዜው ደህና ነኝ ብሎ ሄዶ ከሰዓታት በኋላ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ሦስተኛ፣ ጠገራው ቅርስ ነው። ሥራ ላይ የሚውለው ከታወቀ አስመጪ የተገዛ፣ ጥራቱ የተጻፈበት ሲልቨር ናይትሬት ነው፤ ከክብደቱ 63.5 በመቶው ብር ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከሁሉ በፊት ውኃ። የቧንቧም የጉድጓድም ውኃ ጨው አለበት፤ የሐይቃችን ውኃ ደግሞ የአልካሊ ጠባይ ስላለው ለዚህ ሥራ ጭራሽ አይሆንም። ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። በንጹሕ ብርጭቆ ትንሽ ውኃ ቅዱና አንድ ጠብታ የሲልቨር ናይትሬት ሙሙት ጨምሩበት። ወተት ከመሰለ ውኃው ውስጥ ክሎራይድ አለ፤ ብሩ መስታወቱ ላይ ሳያርፍ ከጨው ጋር ተጣብቆ ይወርዳል። የሚያስፈልገው የተጣራ ውኃ ነው። ገበያ ላይ የባትሪ ውኃ ተብሎ የሚሸጠው ይሆናል፤ ሆኖም በተመሳሳይ ጀሪካን የባትሪ አሲድም ይሸጣልና ሳትፈትሹ አትቀበሉ። ክረምት ላይ ከጣራ የሚጠራቀም ውኃም ቢሆን የቆርቆሮውን ዚንክና አቧራውን ይዞ ይወርዳል። በቋሚነት ለመሥራት ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ማጣሪያ መትከል ይሻላል፤ ውኃ አፍልታችሁ እንፋሎቱን መልሶ ማጠራቀሙን ከመረጣችሁ ደግሞ ከፍታችን ወደ 2000 ሜትር ስለሆነ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አስቡ።

ቀጥሎ የመስታወቱ ንጽሕና ነው። መስታወቱ ተቆርጦ፣ ስለታሙ ጠርዝ ተሞርዶ ይመጣል። በሳሙና ብቻ ከታጠበ አልታጠበም። በጣም በላመ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይም ለመስታወት ማለስለሻ በሚሆን ሴሪየም ኦክሳይድ በለስላሳ ጨርቅ ይታሻል፤ ከዚያ በተጣራ ውኃ ይለቀለቃል። መታጠቡን የሚነግራችሁ ውኃው ራሱ ነው። በመስታወቱ ፊት ላይ ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ስስ ልብስ ከተዘረጋ ጠርቷል። አንድ ቦታ ላይ ከሸሸ እዚያ ቅባት አለ፤ ኋላ ላይ ጥቁር ነቁጥ የሚወጣው ከዚያው ነው። ከዚህ በኋላ በጣት ፊቱን መንካት ክልክል ነው።

ከዚያ ስታነስ ክሎራይድ የተባለ በጣም የቀጠነ የቲን ጨው ሙሙት ይፈስበታል። ብር ባዶ መስታወት ላይ በቀላሉ አያርፍም፤ ይህ ጨው ግን በመስታወቱ ላይ ጥቃቅን መያዣዎችን ይተክልለታል። ትርፉ ጨው በደንብ ካልታጠበ ብሩ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ማጠቡ ከማፍሰሱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ብሩን ማልበስ በሁለት መንገድ ይቻላል። አንደኛው መስታወቱን በተስተካከለ የፕላስቲክ ትሪ አስተኝቶ ሙሙቱን ማፍሰስ ነው፤ ይህ ለጀማሪም ለትንሽ ሥራም ይሆናል። ሁለተኛው በመርጫ መርጨት ነው። መርጫው ሁለት አፍንጫ አለው። በአንዱ በኩል አሞኒያ የገባበት የብር ሙሙት፣ በሌላው በኩል ብሩን የሚያወርደው ሙሙት ይመጣል፤ ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ግሉኮስና ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ነው። ሁለቱ መገናኘት ያለባቸው በአየር ላይ፣ መስታወቱ ፊት ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። በአንድ ጋን ውስጥ ከተገናኙ ብሩ እዚያው ጋኑን ያለብሰዋል፤ ከዚያም የባሰ ነገር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጋኖቹ የተለያየ ቀለም፣ ቱቦዎቹም ከጋናቸው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይኑራቸው፤ መጋጠሚያዎቹ ደግሞ አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ መጠናቸው ይለያይ። ሙሙቱ የሚነካው ነገር ሁሉ ፕላስቲክ ወይም ጥሩ አይዝጌ ብረት ይሁን። ነሐስና መዳብ ባለበት ቦታ ብሩ ወደ ብረቱ ይሄዳል።

ለመርጫው አየር የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ራሱ አደገኛ ዕቃ ነው። ጌጁ የማይሠራ፣ የደኅንነት ቫልቩ የተዘጋ ጋን ውስጥ አየር መሙላት ቦምብ እንደ መሙላት ነው። በየቀኑ ሥሩ የሚጠራቀመው ውኃ ይውጣ። ከሞተሩ የሚመጣው አየር ዘይት ይዞ እንዳይደርስ ማጣሪያ ይግጠምለት፤ የዘይት ጠብታ ያረፈበት መስታወት አይድንምና።

መስታወቱ በጥቂቱ ወደ ኋላ ባዘነበለ መደገፊያ ላይ ይቆማል፤ ማራገቢያው ከመደገፊያው በስተጀርባ ሆኖ አየሩን ከሠራተኛው ፊት እየነጠቀ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ከሠራተኛው ጀርባ የተተከለ ማራገቢያ አሞኒያውን በፊቱ በኩል ስለሚያሳልፈው ከመቅረቱ አይሻልም። እዚህ አገር መብራት ሳይነግር ይጠፋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ ይጻፍ። ማራገቢያው ከቆመ መርጫው ይቆማል፣ ሰውም ይወጣል። ግማሽ የለበሰ መስታወት ይበላሽ፤ ታጥቦ እንደገና ይሠራል።

ስለ ሙቀቱም አንድ ነገር ልበል። የአምባሰል ደጋ ጠዋት ይበርዳል፤ በብርድ ብሩ ቀስ ብሎ ያርፋል። ያን ጊዜ መስታወቱንና ማጠቢያውን ውኃ ለብ ማድረግ ይቻላል። የብሩን ሙሙት ግን ወደ ምንም ዓይነት እሳት አታስጠጉ።

ብሩ ካረፈ በኋላ ታጥቦ ስስ የመዳብ ንጣፍ ወይም ሌላ መከላከያ ይደረብለታል፤ ከደረቀ በኋላ ጀርባው ይቀባል። ቀለሙ ሊድ የሌለው ይሁን። ቀለሙና ማቅጠኛው ስለሚቀጣጠሉ መቀቢያው ክፍል ከብሩ ክፍል ይለይ። አሮጌ መስታወት ማደስ የምትፈልጉም ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ፤ የጥንት መስታወት ጀርባ ቀለሙ ሊድ ሊኖረው ስለሚችል ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት።

አሁን የመጣሁበት ዋናው ነገር ላይ ደርሻለሁ፤ ጆሮ ስጡኝ። በዚህች ከተማ አጠገብ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ፣ ማለትም ከ13ኛው መቶ ዘመን ወዲህ መጻሕፍት ተጽፈዋል፣ ተጠብቀዋል። የብራና ጸሐፊ ጥቁር ቀለሙን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል አዘጋጅቶ ለወራት ያከርመዋል፤ ቀለሙ ሲከርም ይበስላል፣ ይጠቁራል። የእኛ የብር ሙሙት የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲከርም ገዳይ ይሆናል። አሞኒያ የገባበት የብር ሙሙት፣ በተለይ ኮስቲክ ሶዳ ካገኘ፣ ሲያድር በውስጡ ሲልቨር ናይትራይድ የተባለ ጥቁር ነገር ሊፈጠር ይችላል። ይህ ነገር ሲነካ፣ ሲወዘወዝ፣ አንዳንዴም እርጥብ እያለ ይፈነዳል። ጠርሙስ አፍ ላይ የደረቀ፣ መርጫ አፍንጫ ውስጥ የቀረ፣ ወለል ላይ የተረጨና የተረሳ ጠብታ ሁሉ አደጋ ነው። «ለነገ ይሆናል» ብለው ባስቀመጡት ጠርሙስ የተጎዱ የላብራቶሪ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ የዛሬው ዛሬ ይቀላቀላል፣ ዛሬ ይሠራበታል፣ የተረፈው ኋላ በምነግራችሁ መንገድ ዛሬ ይገደላል። አሞኒያና ብር በሚለካበት ጊዜ ለዕለቱ መስታወት የሚበቃ ብቻ ይለካ። ሥራው እንዳለቀ ጋኑ፣ ቱቦውና አፍንጫው በብዙ ውኃ ይታጠቡ፤ የታጠበበትም ውኃ ለፍሳሹ ወደተዘጋጀው በርሜል ይግባ። የደረቀ ጥቁር ቅራሪ ያለበት ዕቃ ብታገኙ በቢላ አትፋቁት፣ አትወዝውዙት፣ ክዳኑንም አትጠምዝዙት። ክፍሉን ዘግታችሁ ውጡ፤ ሌላውንም ሰው አስወጡ፤ የሚያውቅ ባለሙያ ይጠራ። ተቀላቅሎ የተዘጋጀ ሙሙት ከአስመጪ ከገዛችሁ ደግሞ የተጻፈበት ቀን ካለፈ አትቀበሉ።

ይህን ሥራ በጋዝ ከሚበየድበት ቤት አጠገብ አታድርጉት። ከካርባይድ የሚወጣው አሴቲሊን ከብር ሙሙት ጋር ሲገናኝ ሌላ ፈንጂ ይፈጥራል። በእኛ ከተሞች ብየዳ ቤትና መስታወት ቤት ግድግዳ ተጋርተው ሲሠሩ ስለማይ ይህን ደግሜ እናገራለሁ። የብር ቅሪትንም ከናይትሪክ አሲድና ከአልኮል ጋር አንድ ላይ አታገናኙ፤ እሱም ፈንጂ ይሆናል። ከዚህ ሌላ እናቶችና እህቶች በየቤቱ የሚያውቁት በረኪና አለ። አንድ ሰው የብር ክፍሉን ወለል በበረኪና ላጽዳ ቢል፣ በረኪናው ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በረኪና ወደዚያ ክፍል አይግባ።

ልብሱን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ዙሪያውን የሚገጥም መነጽር፣ ፊት መሸፈኛ፣ የኬሚካል ጓንት፣ የጎማ ሽርጥ፣ የተሸፈነ ጫማ። ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፤ ለዚያ ብዙ አትጨነቁ፣ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ዓይንን ግን ሊያጠፋ ይችላል። ኮስቲክ ሶዳም እንዲሁ፤ ሶዳው ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ ሶዳ አይጨመርም። ዓይን ላይ ከተረጨ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጡ ከዚያ በኋላ ነው። ቧንቧ ከሌለ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ መክፈቻ ያለው ጀሪካን በየጠዋቱ ተሞልቶ ይጠብቅ። አንድ የማያቸው ስሕተት ደግሞ ከኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የተረፈውን የጨርቅ ጭንብል መልበስ ነው። ጨርቅም ሆነ የአቧራ ጭንብል አሞኒያን አያቆምም፤ አሞኒያን የሚያቆመው አረንጓዴ ምልክት ያለው የጋዝ ማጣሪያ ነው። ይህን ሁሉ ገዝቶ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያዝዘዋል። በማኅበር ከተደራጃችሁ አሠሪው እናንተው ናችሁ።

በመጨረሻ ፍሳሹ። የሐይቅን ውኃ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ አንቀርቃ ወንዝ ይዞ ይመጣል፤ ዝናብም ጎርፍም ይገባበታል። መውጫ ግን የለውም። ውኃው ወደ ሰማይ ይተናል፣ ይዞት የመጣው ጨውና ብረት እዚያው ይቀራል። ዛሬ አንድ ባልዲ፣ ነገ አንድ ባልዲ እያልን የምንደፋው ብር ከልጅ ልጆቻችን ጋር ይቆያል። የብር ሙሙት ደግሞ ለዓሣ ከሚከፉት መርዞች አንዱ ነው፤ ስንጥቡን ይይዘውና ደሙ ውስጥ ያለውን ጨው ያዛባበታል። መዳቡም ከእሱ ብዙ አይሻልም። «ብሩን አውጥተንለት አሞኒያው ብቻ ይሂድ» የሚልም አይጠፋም፤ አሞኒያ አልካሊ በሆነ ውኃ ውስጥ ይበልጥ ዓሣ ገዳይ ይሆናል፤ የእኛ ሐይቅ ደግሞ እንዲህ ያለ ውኃ ነው። በዚያ ውኃ ላይ ቆሮሶ አስግሮ ልጆቹን የሚያሳድግ ጎረቤት አለን።

«እንግዲያው ሥራውን አምባሰል ላይ እናድርገው» ካላችሁ ደግሞ የአምባሰል ሰንሰለት የውኃ መክፈያ ነው። ወደ ምዕራብ የፈሰሰው በበሽሎ በኩል ዓባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የፈሰሰው በሚሌ በኩል አዋሽ ይደርሳል። ከላይ የደፋነውን ከታች የሚጠጣው አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይህን ይከለክላል፤ አዋጁ ባይኖርም ጎረቤት አለ።

እንግዲህ ክፍሉ እንዲህ ይሠራ። ወለሉ ስንጥቅ የሌለበት ሊሾ ሆኖ ወደ አንድ ማዕዘን ያዘንብል። ከዚያ ማዕዘን የሚወርደው ሁሉ በስበት ወደ ፕላስቲክ በርሜል ይግባ፤ ከመንገድ ቦይም ሆነ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ጋር አይገናኝ። የብሩ፣ የመዳቡና የቀለሙ በርሜሎች ይለያዩ። በየቀኑ ማታ የብሩ በርሜል በብዙ ውኃ ይቀጥን፤ ከዚያ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ ማራገቢያው እየሠራ፣ ሊትመስ ወረቀቱ ቀይ እስኪሆን ድረስ ይጨመር። ነጭ ጭስ ይነሣል፤ ከእሱ ራቅ ብሎ መቆም ነው። ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ብራችሁ ያ ነው። የገበታ ጨው ብቻ መጨመር አይበቃም፤ አሞኒያው እያለ ዝቃጩን መልሶ ያሟሟዋል። በማግስቱ ከላይ ካለው ጥሩ ውኃ በብርጭቆ ቀድታችሁ ጥቂት የጨው ውኃ ጠብ አድርጉበት። ካልደፈረሰ ብሩ ወጥቷል። ከተረጨው ብር መስታወቱ ላይ የሚቀረው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ ያ ዝቃጭ ገንዘብ ነው፤ ተጠራቅሞ ለሚያጣራ ይሸጣል። ብሩ የወጣለት ውኃ ግን አሁንም ወደ ሐይቁ አይሄድም። ማጣሪያ ካለው ተቋም ጋር የመረከብ ስምምነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ስምምነቱም ከመጀመሪያው መስታወት በፊት ይፈረም።

ለወረዳዎቹ ኃላፊዎች የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ለእነዚህ ልጆች ሼድ ስትሰጡ ከሐይቁ ዳርቻ የራቀ፣ ከብየዳ ቤት የተለየ፣ ነፋስ የሚያገኝ ይሁን። ለወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ጥያቄ አለኝ፤ ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ተቋማችሁ ቅርብ ነውና በየወሩ የእነዚህን ልጆች ፍሳሽ ናሙና ተቀብላችሁ ብሩንና መዳቡን ብትለኩላቸው ከብዙ ሥልጠና ይበልጥባቸዋል።

ወጣቶች፣ ገንዘብ ማዋጣት መጀመራችሁን ሰምቻለሁ። መርጫው ይቆይ። የመጀመሪያው ገንዘብ ለበርሜሎቹ፣ ለማራገቢያው፣ ለመነጽሩና ለተጣራ ውኃ ይዋል። ሲልቨር ናይትሬቱ ሲመጣ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ፣ ብርሃን በማይገባበት፣ ከገለባ፣ ከወረቀትና ከአልኮል በራቀ ቁም ሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ቁልፉን የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን፤ የወጣው ግራም ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። የመጀመሪያውን ሥራ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነች መስታወት፣ በትሪ ላይ፣ ሁለት ሆናችሁ ሥሩ። ብቻውን የሚሠራ ሰው አይኑር። እሷ ስታምር ሁለተኛዋን፤ በርሜሉ በትክክል ሲጠራ ደግሞ ያን ጊዜ ስለ መርጫው እንነጋገራለን። የሼዱን ንድፍ ይዛችሁ ኑ፤ ከማዕዘኑ ቧንቧ ጀምረን አብረን እናየዋለን።